እናቴና አባቴ ለቤት ሲሉ የተፋቱ ጊዜ

የወንጀል ልብ ወለድ ነፍሴ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ደግሞ ወንጀለኛው ወንጀለኛ ያልሆነበትን ነው። ማለቴ፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ልጁ የታመመበት ሾፌር፣ በሕይወቱ ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቅ ሰው አንድ ቀን መውጫ ሲያጣ ሕግ የሚጥስበትን። ከመንገድ ላይ መጽሐፍ አዟሪ እየተከራየሁ፣ ሳጣ ደግሞ በስልኬ፣ ቦሌ ልብስ ቤት ወደምሠራበት ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። እናቴ «የሌባ ታሪክ ስታነቢ ልብሽም ሌባ ሆነ» ትለኛለች። ልቤ ሌባ አልሆነም፤ ተጠራጣሪ ግን ሆኗል። ጎረቤት ትኩስ ዳቦ ይዞ ሲመጣ «ምን ፈልጎ ነው?» የምል ሰው ነኝ። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ።

እነዚያ መጻሕፍት ታዲያ አንድ ነገር ይዋሻሉ። ሰውየው ሕግ ሊጥስ ሲል ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውጭ ዝናብ ይዘንባል። እኛ ቤት ግን ወንጀሉ የተጠነሰሰው ጠራራ ፀሐይ ባለበት እሁድ፣ ሽሮ እየተበላ ነው። ማንንም አላላበውም። አባቴ እንዲያውም ቃሪያ ጨምሩልኝ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቷ ከአያቴ የተላለፈች፣ በእናቴ ስም ያለች የጭቃ ቤት ናት። አንዱን ክፍል ወንድሜ ከነሚስቱ ይዞታል፤ በሌላው እኔ ከእናትና አባቴ በመጋረጃ ተከልዬ እተኛለሁ። አባቴ ዕድሜውን በአሰብና በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው የተወ ሰው ነው። ያን ሰሞን ስንት ዘመን ሲጠብቀው የኖረው ኮንዶሚኒየም ቦሌ አራብሳ ላይ ደረሰው። እልል አልን፣ ጎረቤት ጠራን፣ ድፎ ተቆረሰ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሰፈራችን ለልማት ሊነሳ ነው፣ የቀበሌ ቤት ላላቸው ምትክ ቤት ይሰጣል ተባለ። ይኼንንም እልል ልንል ስንል ወረዳ ደርሶ የመጣው ወንድሜ አፋችንን አስዘጋን። ለአንድ ቤተሰብ የመንግሥት ቤት አንድ ብቻ ነው። ባል ኮንዶሚኒየም ከደረሰው ሚስት ምትክ ብላ መጠየቅ አትችልም።

የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድሜ የሚያገኛት ደመወዝ ቦሌ አካባቢ ቤት ልትከራይለት ቀርቶ የሰርቪስ ቤት በር እንኳ አታስከፍትለትም። አራብሳ የደረሰን ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ነው። አምስት ሰው ሊወለድ ካለው ልጅ ጋር እዚያ ውስጥ እንዴት ይሁን? እና ወንድሜ ጉርሻውን ሳይውጥ «ብትፋቱስ?» አለ።

እናቴ «ምን አልክ አንተ?» አለችው።

«ለወረቀት እማዬ! ለወረቀት ብቻ። ስንቱ አድርጎታል። አባዬ አራብሳን ይይዛል፣ አንቺ ይቺን ትይዣለሽ፣ ምትኳ ሲሰጥሽ እኛ እንገባለን። ከዚያ አባዬና አንቺ አራብሳ ትኖራላችሁ። አለቀ።»

«በስተርጅናዬ ፈት ልባል?» አለች። ከዚያ የምራቷን ሆድ አየች። አባቴ ያን ጊዜ ነው ቃሪያ ያለው።

እኔ ወዲያው ፈራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት ተናገርኩ፤ ማንም አልሰማኝም። መጽሐፎቼ ውስጥ የሚያዘው ሰው ሁልጊዜ የሚያዘው በሰው አፍ ነው። ስለዚህ የኔ ፍርሃት የሰው አፍ ነበር፤ በተለይ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴትዮ። ማን መጣ፣ ማን ወጣ፣ ማን ምን ገዛ፣ ከሷ የሚያመልጥ የለም። «አባትሽ ዛሬ ቀረሳ?» ትላለች ሳሙና ስትሰጠኝ። «ወንድምሽ ወረዳ ደርሶ መጣ አሉ፣ በደህና ነው?» ትላለች መልስ ስትመልስልኝ። ጆሮ ጠቢ ናት ብዬ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳሙናም ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ።

በመጨረሻ እሺ አሉና ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤት ግን እንዲህ ቶሎ አያፋታም፤ ሂዱና አስቡበት ብሎ ጊዜ ይሰጣል። ያ ጊዜ ነው ጉድ ያመጣብን። ወሬው እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ብቻ እድሩ ሰማ። ሰላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ባልና ሚስት ሊፋታ ነው ሲባል እድር ዝም አይልም። ሽማግሌ መጣልን! ሐሰተኛውን ጠብ ሊያስታርቁ እውነተኛ ሽማግሌዎች፤ የእናቴ የነፍስ አባት፣ የእድሩ ዳኛና ብረታ ብረት የሚነግዱት ጎረቤታችን ሐጂ። ሐጂና አባቴ አንድ ላይ ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ ለፋሲካም ለአረፋም ሲጠራሩ ነው የኖሩት። አንቀበልም ብንል ሰፈሩ ይጠረጥራል። እሺ ብንል የጠቡ ምክንያት ምንድን ነው ሊባል ነው። ጠብ የለማ!

ስለዚህ አጠኑ። እናትና አባቴ ቁጭ ብለው እንደ ተማሪ ጠብ አጠኑ።

«ይጠጣል በይ» አለ አባቴ።

«አንተ? በሠርጋችን ቀን እንኳ ለስላሳ ነው የጠጣኸው። ማን ያምነኛል?»

«እንግዲያው ይማታል በይ።»

«ዝንብ ስትገድል አይቼህ አላውቅ። ደግሞ በነፍስ አባቴ ፊት ሐሰት ልመስክርብህ?»

«ታዲያ ምን ልትይ ነው? ደግ ነው ብለሽ ልትፈቺኝ?»

«አንተ ጀምራ። እኔን ምን ትለኛለህ?»

«ነዝናዛ ናት እላለሁ።»

«እሱን ያምኑሃል» አልኩ እኔ። እናቴ ማማሰያውን ቃጣችብኝና ሦስታችንም ሳቅን። በመጨረሻ እሱ ነዝናዛ ናት፣ እሷ ደግሞ ቤቱን አይመለከትም እንዲሉ ተስማሙ። ዛሬ ሳስበው አንድ ላይ እንደዚያ ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። እኔ ሻይ አቀረብኩና መጋረጃው ጋ ቆምኩ። አባቴ ያጠናውን በለበጣ ተናገረ። ሐጂ «ታዲያ ሴት ልጅ ካልነዘነዘች ማን ይነዝንዝ? የኔይቱን አታውቃትም እንዴ?» ብለው ሳቁበት። የእድሩ ዳኛም ሳቁ። የነፍስ አባታችን ወደ እናቴ ዞረው «እሺ ልጄ፣ አንቺስ?» አሏት።

«ቤቱን አይመለከትም» አለች። ጥሩ ነው፣ እንደተጠናው። ከዚያ ቆመች። ነጠላዋን ጫፉን ይዛ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ረሳችው ብዬ ደነገጥኩ።

«የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ነበረች» አለች።

እኔ የመጀመሪያው ልጅ ወንድሜ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። መጋረጃውን ጨበጥኩ።

«ስትወለድ እሱ መንገድ ላይ ነበር። መጥቶ አያትና ሄደ። እሱ አሰብ እያለ ትኩሳት ያዛት፤ ብዙም አልቆየች። ሲመለስ አፈር ለብሳለች፣ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ገባ። ተቀመጠ። ምሳውን በላ። ጭነት አለብኝ ብሎ በነጋታው ሄደ። ይሂድ፣ እንጀራው ነው፣ ለዚያ አልከሰውም። ግን አባ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የት ቀበርሻት ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ! ምን ብለሽ ትጠሪያት ነበር አላለኝም። ወንድ ልጅ ወለድኩለት፣ ሴት ልጅ ወለድኩለት፣ ያቺ እንዳልነበረች ሆነች። አብሬው እተኛለሁ፣ አበላዋለሁ፣ አስቀዋለሁ። ግን ሰውየው እሷን የት እንዳስቀመጥኳት አያውቅም።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። የነፍስ አባታችን ወደ አባቴ ዞረው «እውነት ነው?» አሉት። አባቴ መሬት መሬት እያየ «እውነት ነው» አለ። ሐጂ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። «እኛ በወጥ ጨው የተጣላ ባልና ሚስት ልናስታርቅ ነበር የመጣነው» አሉ። «ይኼ የኛ ሥራ አይደለም። ይኼ የራስህ ሥራ ነው ወንድሜ።» ሻዩ እንደቀዘቀዘ ቀረ።

ሸኝቷቸው ሲመለስ አባቴ እጄን ያዝ አደረገኝ። «ያን ያለችው ለሽማግሌዎቹ ብላ ነው አይደል? እንዲያምኑን?» አለኝ። ዓይኑ እንደ ሕፃን ልጅ ዓይን ነበር። «እኔ ምን አውቃለሁ አባዬ» አልኩት።

ከዚያ በኋላማ ምን ትወና ያስፈልጋል! በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ተገዳችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች፤ በፈቃዳችን ነው አሉ፤ ተፋቱ። ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ አባቴ ጁስ ጋበዘን። አቮካዶና ማንጎ። እናቴ ግማሹን ተወችው። አባቴ አንድ ሻንጣውን ይዞ አራብሳ ገባ።

መጀመሪያ መጀመሪያ አመሻሽ ላይ በጓሮ በኩል፣ በጋራዡ አጥር ዞሮ ይመጣ ነበር። የገዛ ቤቱን እንደ ሌባ። እኔ በር ላይ ቆሜ ባለ ሱቋን እጠብቃለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ይገባል። እራቱን ይበላል። ግን ሁለቱ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ሰው ፊት እንዳሉ ሆነው ነው የሚነጋገሩት። «ልጨምርልህ?» «ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።» እግዜር ይስጥልኝ! ሚስቱን! እያለ እያለ በየሳምንቱ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። ለምን ቀረህ ስለው «ሰው እንዳያየኝ ነዋ፣ አጣሪዎች ይመጣሉ እየተባለ» ይላል። እውነቱን ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር የሚያጣሩ ሰዎች ሰፈር ውስጥ እየዞሩ ነው ይባል ነበር፤ ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። እኔ ግን መጠርጠሬ አልቀረም።

እናቴም ጠርጥራለች። በግልጽ አትናገረውም፤ ግን ምጣዱ ላይ ያለውን ዳቦ እያገላበጠች «አራብሳ ብዙ ሴት አለ ይባላል» ትላለች። «ሴትማ የትም አለ እማዬ» እላታለሁ። «እሱማ» ትላለች። ዳቦው ያራል።

አንድ ቀን ምስር ወጥና እንጀራ በሳህን ቋጥራ «ውሰጂለት» አለችኝ። «ደግሞ ቤቱን እይው» አለች። «ምኑን ልየው?» «ቤቱን ነዋ! ቤት አይታይም?» ገባኝ። ሰላይ ሆኜ ተሾምኩ።

አራብሳ ሩቅ ነው። ታክሲ ለውጬ፣ ተሰልፌ፣ ደረጃ ወጥቼ ሳንኳኳ አባቴ በካልሲ ከፈተልኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው። በጣም ንጹሕ ነው። በሕይወቱ መጥረጊያ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ወለል እንዲህ ሲያበራ እኔ ምን ልበል? ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁና የሴት ነገር ፈለግሁ፤ ቅባት፣ ማበጠሪያ፣ የራስ ፀጉር። ምንም የለም። በር ሥር ግን ጫማው አለ፤ ያ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ የሚያደርገው ጥቁር ጫማው፣ ቀይ ጭቃ እስከ ማሰሪያው ወጥቶበት። የኮቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ። አባቴ ዓመት በዓል ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አይደለም።

«የት ሄደህ ነው ጫማህ እንዲህ የሆነው?»

«ኧረ እዚሁ ነው፣ የሰፈሩ ጭቃ ነው» አለኝ። የአራብሳ ጭቃ ጥቁር ነው፤ የኔም ጫማ ላይ ነበር። ስለ እናቴ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልጠየቀኝም። ደህና ናት ወይ ብሎ እንኳ። ስወጣ ግን ሳህኑን አጥቦ ሰጠኝ። ይኼ ሰው ሳህን አጥቦ! ሴት አስተምራዋለች አልኩ በልቤ።

ለእናቴ ጭቃውንና ጧፉን ነገርኳት። «ጠበል ነዋ» አለች ቶሎ ብላ። «ጠበል የምትሄድ ሴት ይዟል። መንፈሳዊ ሴት!» ይቺን መንፈሳዊ የምትለዋን ቃል እንዴት እንዳለቻት ብትሰሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስልኩ ይዘጋል። እንግዲህ መጽሐፎቼ ያስተማሩኝ ለዚህ ቀን ነው ብዬ አንዱን ቅዳሜ ከሥራ አስፈቀድኩ።

ማስክ አድርጌ፣ የእናቴን ነጠላ ተከናንቤ አራብሳ ታክሲ መያዣው አጠገብ ቆምኩ። አትሳቁብኝ፤ መጽሐፎቼ ውስጥ እንዲህ ነው የሚደረገው። አባቴ በኮትና በዚያ ጥቁር ጫማው መጣና ከፊት ጋቢና ተቀመጠ። እኔ ከኋላ፣ አንድ ትልቅ የዶሮ ቅርጫት ከያዙ ሴትዮ ጀርባ። መንገድ ላይ ወረደ፣ ወረድኩ። ሌላ ታክሲ ያዘ፣ ያዝኩ። ወርዶ ዳገቱን ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አሁን ሴትየዋ ትመጣለች፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ፊቷን አያለሁ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ እንጃ። ማንም አልመጣም። ሲቆይብኝ ገባሁ።

አባቴ መቃብሮቹ መሃል ነበር። ጎንበስ ይላል፣ ሐውልቱ ላይ ያለውን ያነባል፣ ቀና ይላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ወገቡን ይዞ። ሣር የበላቸውን፣ ድንጋይ ብቻ የቀራቸውን ትንንሾቹን በእጁ ይጠርጋቸዋል። አንዱ ጋ ቆሞ ብዙ አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጧፉን ሳያበራ መልሶ ኪሱ ከተተና በሌላው በር ወጣ። አልተከተልኩትም።

የመቃብር ጠባቂውን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። «እኚያ ኮት የለበሱት? ለምን መጡ?»

«ሕፃን ይፈልጋል» አሉኝ። «ድሮ የሞተች ሕፃን። በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞርኩ ነው አለኝ። ስሟ ማን ይባላል አልኩት፣ አላውቅም አለ። የማን ልጅ ናት አልኩት፣ የኔ አለ። ልጄ፣ ሰውየው ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው» አልኳቸው። አፈርኩ። በእሱ ሳይሆን በራሴ አፈርኩ። ማበጠሪያ ስፈልግለት!

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የሚፈልጋት?» አለች።

«አዎ። በየመቃብሩ።»

«ሰማንያ ቀኗ መች ሞላ!» አለች፤ ያን ጊዜ አለቀሰች። «ክርስትና ሳትነሳ እኮ ነው የሞተችው። ማን ግቢ ያስገባኛል? ማን ይፈታላታል? ከአጥር ውጭ ነው ያስቀበርኳት። እሱስ ምን ያውቃል፣ ዕድሜዋን የቆጠርኩ እኔ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ ሽንኩርቱን ይሁን ልጇን እንጃ፣ መልሳ ጠረገች።

«ልንገረው እማዬ? የት እንደሆነ ንገሪኝና ልንገረው።»

«እንዳትነግሪው!» አለችኝ። ጣቷን ቀስራብኝ። «እኔንም እንዳትጠይቂኝ። አፍ አለው። እሱ ይጠይቀኝ።»

እኔ ግን ደወልኩለት። ቦታውን አላውቀውም፤ ስለዚህ የምነግረው አልነበረኝም። «አባዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትሄድ አውቄያለሁ» አልኩት። «በከንቱ አትድከም፣ እማዬን ጠይቃት።» ስልኩን ዘጋብኝ።

አጣሪዎቹ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ከወረዳ። እኔ የማታ ፈረቃ ስለነበርኩ ቤት ነኝ፤ ወንድሜ ሥራ ሄዷል፤ ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ስለነበር ሆዷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዋናው ሰውዬ ጨዋ ነበር። እናቴን «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ ሆኖብን ነው» እያለ ነው የሚጠይቃት። ማን ማን ይኖራል? ባለቤትዎ? መቼ ተለያያችሁ? እናቴ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ከዚያ ጎረቤት ምስክር ያስፈልጋል አለና ከፊት ለፊት ባለ ሱቋን ጠሯት። አበቃልን አልኩ። የወንድሜ ሚስት እጄን ጨበጠችኝ።

ባለ ሱቋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። «የዚህን ቤት አባወራ በቅርብ አይተውታል?» አላት።

«የቱን? እሱን ሰውዬ?» አለች። «ኧረ እሱ ከሄደ ቆየ! ጥሏት ነው የሄደው። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያው በር ላይ አይደለሁ? ዝንብ ሲገባ አያለሁ። ድርሽ ብሎ አያውቅም። እቺ ምስኪን ልጆቿን ይዛ እዚህ ቀረች እንጂ!»

አባቴ በጓሮ ሲገባ ስንቴ አይታዋለች። ሁሉን ታውቅ ነበር። እኔ ጆሮ ጠቢ ስላት እሷ ስትጠብቀን ኖራለች። ዞር ብላ አየችኝና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሰውየው ብዕሩን አነሳ። በቃ፣ አለፍን! ወንድሜ ቤት አገኘ! የወንድሜ ሚስት ስትተነፍስ ሰማኋት።

ያን ጊዜ አባቴ በዋናው በር ገባ።

ኮቱን ለብሷል። ጺሙን ተላጭቷል። እንግዶቹን አየ፤ ማን እንደሆኑ ገብቶታል፣ ሞኝ አይደለም። መመለስ ይችል ነበር። ተሳስቼ ነው፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ምንም ማለት ይችል ነበር። እኔም በዓይኔ ውጣ፣ ውጣ አልኩት። እሱ ግን ወደ ማንም አልዞረም። እናቴ ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ።

«የት ነው የቀበርሻት?» አላት።

ባለ ሱቋ «ወይኔ» አለች በቀስታ። አጣሪው አንዴ አባቴን፣ አንዴ እናቴን አየ።

«እማማ፣ እኚህ ማን ናቸው?»

እናቴ አባቴን ነው የምታየው። የወንድሜ ሚስት እጄን እስኪያመኝ ጨብጣኛለች፤ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ በክንዴ በኩል ይሰማኛል። አንድ ቃል ነው የቀረን። እንግዳ ነው ብትል፣ ያበቃል።

«ባሌ ነው» አለች።

ሰውየው ጨዋ ነበር አላልኳችሁም? ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የቀድሞ ባልዎ ማለትዎ ነው፣ አይደል እማማ?» አላት። ማምለጫውን በር ከፈተላት። እሺ በይው እማዬ፣ አልኩ በልቤ፣ ስለ እናቱ ብለሽ እሺ በይው።

«አይ ልጄ» አለች። «ባሌ ነው። ያ ወረቀት ውሸት ነው፤ ለቤት ብለን ነው። ጻፈው።»

ሰውየው ጻፈ። ምን ያድርግ? ሥራው ነው።

እናቴ ወደ ምራቷ ሄደችና ግንባሯን ሳመቻት። «ማሪኝ የኔ ልጅ» አለቻት። «አራብሳ ትመጣላችሁ። ተጨናንቀን እንኖራለን። አልጋውን ለአንቺና ለልጁ እለቃለሁ፣ እኔ መሬት ተኝቼ አላውቅም እንዴ?» የወንድሜ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ጥቂት ቆማ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ሰሚት በኩል ነው» አለችው አባቴን። «ያኔ እርሻ ነበር። አሁን ምን እንደተሠራበት አላውቅም፤ ከሄድኩ ዘመን ሆኖኛል። ብቻ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወዲህ ነው፣ ወንዟ ጋ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ምን...» አለና ተወው። እንደገና «ምን ብለሽ...» አለ።

«ስሟን መንገድ ላይ እነግርሃለሁ» አለችው። «አሁን ና፣ ታክሲ ሳይጠፋ።»